ቡሬ ላይ የተፈረደበት በረኛ

የጋለ ጎማ ሽታ ለሌላው ሰው አፍንጫ የሚያስይዝ ነው፤ ለእኔ ግን ሃያ አራት ዓመት የበላሁት እንጀራ ነው። ባለፈው ሰሞን መነጽር ልለካ ፍኖተ ሰላም ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ማዶ አንድ ጎሚስታ የከባድ መኪና ከመነዳሪ ሲለጥፍ ያ ሽታ መጣና እግሬን ያዘው። ቆሜ የሰውየውን አሠራር አየሁ። ላስቲኩን በደንብ ሳይሞርድ ነው የሚለጥፈው፤ ሁለት ቀን አይቆይም። ልነግረው አፌን ስከፍት ከኋላዬ “ጋሸ ሞላ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጸጉሩ የሸበተ፣ ኮት የለበሰ ሰው ነው። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ያዝሁት። መምህር ይበልጣል ነበር፤ ልጄን እናኑን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ እኔ የከለከልሁት ሰው።

የከለከልሁት በዘሩ አይደለም፤ በድህነቱም፣ በጠባዩም አይደለም። በዓለም ላይ ኖሮ በማያውቅ አንድ በረኛ ምክንያት ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ ይሳቅ። እኔም ለብዙ ዓመት ስቄበታለሁ። ልጅ ያለው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ይስማኝ።

የዚያን ጊዜ ቡሬ እንዲህ አልተንዛዛችም። የነቀምቱ መንገድ ከትልቁ አስፋልት በሚገነጠልበት አካባቢ የእኔ የጎማ ቤት ነበረች፤ ከኋላዋ መኖሪያችን፣ መሐሉን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ። ሻይ በሠላሳ ሳንቲም ይጠጣ፣ የተቀቀለ እንቁላል ከሚጥሚጣው ጋር በሃያ አምስት ሳንቲም ይበላ ነበር። መምህራን ተኩሰው ስለት ያወጡለት ቴትረን ሱሪ ይለብሳሉ፤ ልጃገረዶች ሽንሽን ጉርድ በኮንጎ ጫማ። ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ሰይድ የሚባል፣ አባቱም አያቱም በቡሬ ገበያ የነገዱ ሰው፣ ካሴት የሚሸጥባትና መጽሐፍ የሚያከራይባት አንዲት ሱቅ ነበረችው። አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ደጋግሞ ያስጮኸዋል፤ ክሩ ሲጠለፍበት በእስክሪብቶ እያዞረ ይጠቀልልና እንደገና። የፍቅር ዘፈን አልወድም፤ ግጥሙን ሁሉ ግን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። ምን ያደርጋል፣ ጆሮ መዝጊያ የለውም።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ የመድኃኒት ካርቶን፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ዕቃ የተጠቀለለበት ጋዜጣ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ያነበበው ሁሉ ለእርሱ ብቻ የተጻፈ ይመስለዋል። መንግሥት ተለውጦ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ ሾፌሮች ከአዲስ አበባ መጽሐፍ ማምጣት በጀመሩ ጊዜ ነው “የጨው ተራራ ነገሥታት” የሚባለው ልብ ወለድ ሰይድ እጅ የገባው። ከባሕር ማዶ ቋንቋ የተተረጎመ፣ ሰባት ቅጽ ያለው። በውስጡ ዘንዶ አለ፤ ባሏን የገደለውን ሰው ያገባች ንግሥት አለች፤ በአንድ ዙፋን የሚጣሉ መንትያ ወንድማማቾች አሉ፤ ጨውን ወደ ሰይፍ የሚለውጥ አስማተኛ አለ። ሰይድ አንዱን ቅጽ ለአንድ ሰው ማከራየት አያዋጣውም ነበርና በምላጭ ከሦስት ይቆርጠዋል፤ እያንዳንዱን ክፍል በጆንያ ክር ሰፍቶ በሲሚንቶ ወረቀት ይሸፍነዋል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ያነበዋል፤ አንዱ ጋ ሠርግ ነው፣ ሌላው ጋ ሙሽራው ተቀብሯል። ክፍሉን በተራ ያገኘ ሰው አልነበረም። የጎደለውን በግምት እንሞላዋለን። ግምቱም ከንባቡ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር።

እንዲህ እያልን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሟሟቅ፣ በእኔ ጎማ ቤት ደጃፍ ሸንጎ ተተከለ። አሮጌ ጎማ ወንበር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ እንደ ጥንቱ “በላ ልበልሃ!” እየተባባሉ ይቆማሉ፤ ጎማ የሚያስለጥፉ ሾፌሮች ታዛቢ ናቸው፤ ዳኛው እኔ ነኝ። ንግሥቲቱ የባሏን ገዳይ ያገባችው ፈርታ ነው ወይስ ልትበቀል? ዘንዶው ዓይኑ የታወረው በእውነት ነው ወይስ ያስመስላል? ታናሹ መንትያ ይነግሣል ወይስ ወንድሙ ይበላዋል? እዚህ አገር ሰው በሬ ሲነዳበት እንኳ የሙግት ቃል ያሳምራል፤ ለጨው ተራራ ሕዝብ የፈሰሰው የቃል ማር በወረዳው ፍርድ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ወንበርማ ሽንዲ የሚያስተምረው ይበልጣል ለዚች ሸንጎ ሲል ቅዳሜ ቅዳሜ ገና በጠዋቱ ተነሥቶ ይመጣ ነበር። እኔ ለሸንጎው ይመስለኝ ነበር። እናኑ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠችበት ዓመት ነው፤ ከቆርቆሮው ጀርባ ሻይ ታፈላልናለች፤ ከሰይድ የሚመጣውን ክፍል ሁሉ ከእኔ ቀድማ ታነባለች።

አሁን ወደ በረኛው ልምጣ። ኬልሞር ይባላል። የጨው ተራራውን ምሽግ በር አርባ ዓመት ጠብቋል። ጠላት ከተማውን ሲከብ ሴት ልጁ ከግንቡ ውጭ ትያዛለች። ሦስተኛው ቅጽ ሲያልቅ አንድ ማለዳ ኬልሞር መቀርቀሪያውን ከውስጥ ያነሣዋል፤ ጠላት ይገባል፤ ከተማው ያልቃል። ለምን ከፈተ? መልሱ በአራተኛው ቅጽ የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ያ ክፍል ደግሞ ጠፋ። ሰይድ “ሽንዲ የወሰደው ሰው ጣለው” አለን። አምስተኛው ቅጽ ላይ የበረኛው መቃብር ብቻ ነው የሚጠቀሰው። ስለዚህ ምክንያቱን እንግዲህ እኛው ልንፈርድ ነው።

ከሳሽ ሆኖ የቆመው ደሳለኝ ነው፤ የእህል ነጋዴ ልጅ፣ ደረተ ሰፊ፣ ንግግሩ እንደ መዶሻ። ጠበቃው ይበልጣል።

“ዳኛ ሆይ” አለ ይበልጣል፤ “አርባ ዓመት በር የጠበቀ ሰው በአንድ ጠዋት ከሃዲ አይሆንም። ልጁ በጠላት ድንኳን ውስጥ ናት። ማለዳ ማለዳ ድምፅዋን ይሰማል። ንጉሡ አስፈታልሃለሁ ብሎ ቃል ገብቶለት ረሳው። ይህ ሰው በሩን ለጠላት አልከፈተም፤ ለልጁ ነው የከፈተው።”

“ከተማ ውስጥ ያለቁትስ?” አለ ደሳለኝ። “እነሱን ጅብ ነው የወለዳቸው? ብሩን በልቶ ነው የከፈተው! እኔ ብሆን በዚያው በመቀርቀሪያው ነበር አንገቱን የምሰብረው!”

ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። አንዱ የነዳጅ መኪና ሾፌር “መምህር፣ አንተማ ሚስትህ ባለቀሰች ቁጥር የጎረቤቱን በር ሁሉ ነዋ የምትከፍተው!” አለው።

“የሚያለቅስ ሰው ከደጅ ካለማ ምን አደርጋለሁ ጋሸ፣ እከፍታለሁ” አለ ይበልጣል። እየሳቀ አልነበረም።

እኔ ተነሥቼ ፈረድሁ። “በረኛ የተቀጠረው ለበሩ ነው። ታማኝ ሰው ቢሆን ልጁ ከደጅ ሆና ስትጮህ መቀርቀሪያውን አጥብቆ ጆሮውን ይይዝ ነበር። ብር በልቷል። ተፈርዶበታል።” ይህን ስል ከቆርቆሮው ጀርባ የብርጭቆ ማጠቢያው ድምፅ ቆመ። ሰምቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም፤ ፍርዴ አምሮልኝ ነበርና።

በሳምንቱ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች በዱላቸው ተደግፈው ከደጄ ቆሙ፤ አንዱ ቄስ ናቸው፣ አንዱ ከሰከላ ከግሽ ዓባይ በኩል የመጡ የይበልጣል አጎት። ግቡ ብላቸውም እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። “ልጅዎን ለልጃችን” አሉ ቄሱ። እኔም “ልጄን በር ለሚከፍት ሰው አልሰጥም” አልሁ።

“የምን በር ነው አያ ሞላ?” አሉ ቄሱ።

“የጨው ተራራውን።”

ሦስቱ ተያዩ። አጎትየው ዝቅ ብለው “ወሰን የተጣሉበት ቦታ ይሆናል” ሲሉ ሰማኋቸው። ቄሱ ግን የዋዛ አይደሉም፤ “ልጁ ምን አጠፋ? ሰው ገደለ? ሰረቀ?” አሉኝ።

“የከዳን ሰው ደግፎ ተሟግቷል። ሰው በአፉ ያጸደቀውን ነገ በእጁ ይሠራዋል። ይህንንም ንገሩት፤ የእኔ ደጅ መቀርቀሪያ አለው በሉት።”

ሳይቀመጡ ሄዱ። መንገዱን ሲሻገሩ ሰይድ ከሱቁ ወጥቶ ምን እንደሆኑ ጠየቃቸው፤ ሲነግሩት ራሱን ያዘ። ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሣኝ። እናኑ አላለቀሰችም። እራት አቅርባ ሳህኑን ስታስቀምጥ “አባየ፣ በረኛውን ይተዉትና ይበልጣልን ይዩት” አለችኝ። “ሁለቱ አንድ ናቸው” አልኋት። የዚያኑ ዓመት በጥር ለደሳለኝ ዳርኋት። ድግሱ ተወርቶ አያልቅም፤ አራት ሰንጋ ወድቋል፤ ሙሽራው ሸሚዙ ነጭ፣ ጫማው ከአዲስ አበባ የመጣ። ይበልጣል የሚያለቅስ ሁሉ የሚያታልለው ሰው ሲሆን፣ ደሳለኝ ግን ጥብቅ ነው ብዬ ነው። ጥብቅስ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ሸንጎው ተሰብስቦ ሳለ እናኑ መጣች። ዝናብ ነው። ነጠላዋ በግራ በኩል ከጆሮዋ እስከ ትከሻዋ ደም ሆኗል። በሸንጎው ፊት ማለፍ አፍራ ወደ ጓሮው በር ዞረች፤ እኔም በውስጥ በኩል ሄድሁ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በቆርቆሮው ስንጥቅ ተያየን።

“አባየ፣ ይክፈቱልኝ” አለች።

“ባልሽስ?”

“እሱ ነው እንዲህ ያደረገኝ።”

“እንግዲያው በሽማግሌ ይዞሽ ይምጣ። ብቻዋን ከባሏ ቤት የወጣች ሴት እዚህ አትገባም። ሰው ተሰብስቧል።”

እናቷ ገበያ ነበረች። እናኑ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቁጢጥ ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየች። እኔ ወደ ሸንጎው ተመልሼ ስለ ዘንዶው ክርክር ዳኝቻለሁ፤ ምን እንደፈረድሁ እንኳ አስታውሳለሁ፤ ይሞታል ብያለሁ። ጎማው ተፈትቶ መሬት ላይ የነበረ አንድ ሾፌር ግን ሽንት ሊሸና ወደ ጓሮ ዞሮ ነበርና አይቷታል። ተመልሶ ጎማውን ብድግ አድርጎ ጫነ። “ገና አልተለጠፈም እኮ” አልሁት። “ሌላ ቦታ አስለጥፈዋለሁ” አለ፤ ፊቴን አላየም። እናኑ ወደ ባሏ ቤት ተመለሰች። የግራ ጆሮዋ ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም። እንደዚያ ሆና አራት ዓመት ኖረች። ከዚያ አንድ ቀን ለማንም ሳትነግር ወጥታ መራዊ ገባች፤ የቆጋ ግድብ ውሃ የሚጠጣ ቁራጭ መሬት ተከራይታ ሽንኩርት ታመርታለች።

እሷ በሄደች በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ ሾፌር ያልተቆረጠ፣ ሙሉ አራተኛ ቅጽ ይዞልኝ መጣ። ቆሜ ነው ያነበብሁት። ኬልሞር በሸንጎ ፊት ይናዘዛል፤ አርባ ጠገራ ብር ተቀብሏል። ልጁ አስቀድማ ሞታ ነበር፤ መሞቷንም ያውቅ ነበር። መጽሐፉን ይዤ ወደ ጓዳ ሮጥሁ። “አላልሁሽም!” አልኋት ሚስቴን። “ብር በልቶ ነው! ልክ ነበርሁ!”

ሚስቴ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ቀና ሳትል “በዚህ የእናኑ ጆሮ ይድናል?” አለችኝ።

እኔ ግን ሰው ነኝና ልክ መሆኔን ለዓመታት እንደ ጌጥ ይዤው ዞርሁ። ለዚህ ነው ፍኖተ ሰላም ላይ ይበልጣልን ባገኘሁት ጊዜ፣ ሻይ ጋብዞኝ፣ ርእሰ መምህር መሆኑን፣ አራት ልጆች መውለዱን ሲነግረኝ ብዙም ያልሰማሁት። ምላሴን እየበላኝ ነበር። የእናኑን ደኅንነት ሲጠይቀኝ እንኳ “ደኅና ናት” አልሁና ወደዚያው ዞርሁ።

“ያ በረኛ ትዝ ይልሃል? ብር በልቶ ነው የከፈተው። ሙሉውን አንብቤዋለሁ።”

ይበልጣል ስኳሩን ሲያማስል ቆየ። “አውቃለሁ ጋሸ” አለ።

“መቼ አወቅህ?”

“ያኔውኑ። የጠፋው ክፍል እኮ እኔ ጋ ነው የነበረው። ለሰይድ ዋጋውን ሰጥቼ ጠፋ በል አልሁት። እንዲያውም ያን ቅዳሜ ስንሟገት ከኮቴ ሥር ነበር።”

ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። “ታዲያ ለምን አታወጣውም? ሐሰት መሆኑን እያወቅህ ትሟገታለህ? ያን ክፍል አውጥተህ በረኛው ጥፋተኛ ነው ብትል ልጄን እሰጥህ ነበር እኮ!”

“እናኑ በረኛውን ወድዳው ነበር” አለ። “አባት ለልጁ ሲል በር ከፈተ ብላ ነው የወደደችው። ከእኔ የተዋሰችውን ሦስተኛ ቅጽ ስትመልስልኝ ዓይኗ አብጦ ነበር። የቀረውን እኔ ሳነበው አዘንሁ፤ እንዳታገኘው ብዬ ደበቅሁት። ያን ቅዳሜ ከቆርቆሮው ጀርባ እንዳለች አውቃለሁ፤ እየሰማችኝ በምን አፌ አወጣዋለሁ? በአንድ ልብ ወለድ ሚስት ይከለክሉኛል ብዬ ደግሞ በሕልሜም አላሰብሁ።” ትንሽ ሳቅ አለ። ቂም የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ትከሻዬን ስሞ ሄደ።

መነጽሩን ሳልለካ መራዊ ሄድሁ። በመኪና ውስጥ አንድ ነገር አሰላስል ነበር፤ ሰው ያልኖረን በረኛ ልብ ሲገምት የሚያወጣው ከራሱ ልብ ነው። ይበልጣል ከልቡ ልጅን አወጣ፤ እኔ ብር አወጣሁ። መጽሐፉ የእኔን ግምት መሰለ እንጂ ይበልጣል የእኔን ግምት አልመሰለም። ይህንን ለእናኑ እነግራታለሁ፤ የተወደደች መሆኗን ታውቅ፤ ከዚያም እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ እላታለሁ አልሁ።

ማሳዋ ዳር፣ ሽንኩርት ተነቅሎ ተከምሮ፣ አጠገቡ ተቀምጣ ቅጠሉን በቢላዋ ስትቀነጥስ አገኘኋት። እጇ ከስቶ ጠንክሯል። ተነሥታ ሳመችኝ፤ በሚሰማው ጆሮዋ በኩል አስቀመጠችኝ። ሁሉንም ነገርኋት፤ የተደበቀውን ክፍል፣ ከኮቱ ሥር መሆኑን፣ ለእሷ ሲል መሸነፉን። ቢላዋው አልቆመም። ስጨርስ ሦስት ሽንኩርት ቀነጠሰች።

“ይህን ለምን ነገሩኝ አባየ?”

“እውነት ስለሆነ ነው ልጄ። ማወቅ አለብሽ ብዬ።”

“ደሳለኝ ሲመታኝ” አለች፤ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም፤ “‘ይበልጣልም ቢሆን ያው ነበር፤ ወንድ ሁሉ አንድ ነው፤ የቀረብኝ ነገር የለም’ እል ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የቻልሁት በዚያ ነው። እዚህም መጥቼ የምተኛው በዚያ ነው። እርስዎ ደግሞ ይኸው እስከዚህ ድረስ መጥተው ያንኑ ወሰዱብኝ።”

ከቦዩ ማዶ አንድ ሰው “እናኑ! የውሃ ተራሽ ነው!” ብሎ ተጣራ። ቢላዋዋን ሽንኩርቱ ላይ ትታ፣ ዶማዋን አንሥታ ሄደች። ጀርባዋን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ውሃው እየገባላት ነው፤ ከአንዱ መስመር ወደ አንዱ እየዘለለች ትመልሰዋለች፤ ወደ እኔ አልዞረችም። ወደ ቡሬ የሚሄደው የመጨረሻ መኪና ሊያመልጠኝ ሲል ተነሣሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድሁት። ያንን ብቻ ሳልነግራት ተመለስሁ።